የራጅ ክፍል ኃላፊነት አጭር ታሪክ፦ ደንቦቹና የተከፈለባቸው ዋጋ

መግቢያ

የዓድዋ ጦርነት ካበቃ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በግንቦት 1896፣ በኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣሊያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ በናፖሊ ወታደራዊ ሆስፒታል ለአንድ አዲስ ምርመራ ቀረቡ። ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባሉት ሐኪም በወታደሮቹ ክንድ ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ያሉበትን ቦታ፣ ቁስሉን በብረት ሳይጎረጉሩ፣ በጨረር ፎቶግራፍ ለዩ። ይህ ድርጊት ራጅ ለጦር ቁስለኞች ከዋለባቸው አጋጣሚዎች ሁሉ ቀዳሚው ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል። የአገራችን ስም በራጅ ታሪክ ውስጥ የተነሣው እንግዲህ ግኝቱ ለዓለም በተገለጸ በአምስተኛው ወር ነው። ራጅ የምንለው ቃልም ቢሆን «ጨረሮች» የሚል ትርጉም ካለው የኢጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የራጅ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ መሣሪያ ታሪክ ነው። ማን አገኘው፣ ማን አሻሻለው፣ ከፊልም ወደ ኮምፒዩተር እንዴት ተሸጋገረ የሚለው በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል። ከመሣሪያው ጎን ስለቆመው ኃላፊ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ማን ምርመራውን ያዛል? ማን ይመዘግባል? የሠራተኛውን ደኅንነት ማን ይጠብቃል? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ዛሬ እንደ ተራ አስተዳደራዊ ጉዳይ የምናያቸው እነዚህ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው የተወለዱበት ቀንና ቦታ አላቸው፤ ብዙዎቹም የተወለዱት ከጉዳት በኋላ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ የታሪክ ማወቅ ፍላጎት ብቻ አይደለም። በአገራችን አንድ ጠቅላላ ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤት በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ሆኖ ሊመደብ ይችላል። ያን ዕለት የራጅ ክፍሉም በእሱ ኃላፊነት ሥር ይወድቃል። በትምህርት ቤት የተማረው ግን ፊልም ማንበብን እንጂ ፊልሙ የሚነሣበትን ክፍል መምራትን አይደለም። ይህ ጽሑፍ የኃላፊነቱን አመጣጥ ደረጃ በደረጃ በመተረክ፣ ክፍሉን የተረከበ የሙያ ባልደረባ ምን ምን መጠየቅ እንዳለበት ለማመልከት ይሞክራል።

ባለቤት ያገኘው ክፍል

ፕሮፌሰር ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን አዲሱን ጨረር በጀርመን አገር በቩርትስቡርግ ከተማ ያገኙት በኅዳር 1895 ሲሆን፣ ዜናው በመላው ዓለም የተሰራጨው በጥር 1896 ነበር። ሮንትገን ግኝታቸውን በፓተንት ስላላጠሩት፣ ቱቦና የኤሌክትሪክ ጥቅል ያለው ሁሉ ሥራውን ለመሞከር ቻለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የራጅ ሥዕሎች በፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች፣ በፎቶግራፍ ቤቶችና በሕዝብ ትርኢቶች ላይ ሳይቀር ይነሡ ነበር። ሥዕሉ በብዛት ይታይ እንጂ ስለ በሽተኛው የሚጠየቅ ኃላፊ አልነበረውም።

ይህን ሁኔታ ቀድመው ከለወጡት አንዱ የስኮትላንዱ ዶክተር ጆን ማኪንታየር ናቸው። ዶክተር ማኪንታየር ሐኪም ከመሆናቸው በፊት በኤሌክትሪክ ሥራ የሠለጠኑ፣ በኋላም የጉሮሮ ሐኪም ሆነው የግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ የኤሌክትሪክ ሕክምና አገልግሎትን የሚመሩ ነበሩ። በመጋቢት 1896 በዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ያቋቋሙት የራጅ ክፍል በዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት ይቆጠራል። ክፍሉ የኩላሊት ጠጠርንና በልጅ ጉሮሮ የተሰነቀረ ሳንቲምን በሥዕል ለማሳየት በቃ፤ በ1897ም ዶክተሩ የእንቁራሪት እግር እንቅስቃሴን በተከታታይ የራጅ ሥዕሎች አሳዩ።

ከግኝቶቹ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው አደረጃጀቱ ነው። መሣሪያው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ኤሌክትሪኩንም በሽተኛውንም በሚያውቅ አንድ ሐኪም ኃላፊነት ሥር ሆነ። ከዚያ በኋላ የራጅ ሥዕል ለትርኢት የሚታይ ነገር መሆኑ ቀርቶ ከክፍል ወደ ክፍል የሚላክ የምክክር መልስ ሆነ። ጥያቄ የሚያቀርብ ሐኪም፣ ምርመራውን የሚሠራ ባለሙያና ለውጤቱ የሚጠየቅ ኃላፊ የሚገናኙበት ሥርዓት መሠረቱ ይህ ነው። «ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» እንዲሉ፣ ባለቤት የሌለው የራጅ ክፍል ሲበላሽ የሚጮህለት የለም።

በናይል ዳርቻ የተሠራ ኤሌክትሪክ

ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈው በጎረቤታችን በሱዳን ነው። በ1898 የእንግሊዝ ጦር ወደ ኦምዱርማን ሲዘምት ሻለቃ ጆን ባተርስቢ የተባሉ የጦር ሐኪም በናይል ዳርቻ በአባዲያ የጦር ሆስፒታል የራጅ አገልግሎት እንዲመሩ ተመደቡ። ቦታው ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ያልደረሰበት፣ ሙቀቱ በጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ፣ አሸዋ የቀላቀለ ነፋስ የማይለየው በረሃ ነበር።

ባተርስቢ መሣሪያዎቹ በጉዞ ላይ እንዳይበላሹ በወፍራም የሱፍ ጨርቅ አስጠቅልለው ጨርቁን ዘወትር ውኃ እያስነከሩ አጓጓዟቸው። ኃይል ለማግኘት ደግሞ ለሁለት ሰው የተሠራ ብስክሌት በቆዳ ቀበቶ ከአንዲት ትንሽ ዲናሞ ጋር አያያዙ። አንዱ ወታደር ፔዳሉን መምታት ይጀምራል፤ የመለኪያው ቀስት ከተወሰነው ቮልትና አምፒር ሲደርስ ማብሪያ ማጥፊያው ይከፈትና ባትሪው መሞላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ፔዳሉ ዳገት እንደመውጣት ስለሚከብድ ሁለተኛው ወታደር ወጥቶ ያግዛል። የራጅ ቱቦው የሚሠራው በዚህ መንገድ በተጠራቀመ ኃይል ነበር።

ከኦምዱርማን ውጊያ በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት 121 እንግሊዛውያን ቁስለኞች መካከል በ21ዱ ላይ ጥይቱ የት እንዳለ፣ ወይም በእርግጥ መኖር አለመኖሩን፣ በተለመደው ዘዴ ለማወቅ አልተቻለም። ከነዚህም በ20ው ራጁ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። ለዚህ ውጤት ቱቦው ብቻ አልበቃም፤ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ማን በየተራ እንደሚሠራ አስቀድሞ ያሰበ ኃላፊ አስፈልጓል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሰማንያ ዓመታት በኋላ መሠረታዊ የራጅ ሥርዓት በሚል ስያሜ ለትናንሽ ሆስፒታሎች ያስተዋወቀው አሠራር ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ የተነሣ ነው። መሣሪያው ከተራ ሶኬት በሚሞላ ባትሪ እንዲሠራ፣ አቋሙ ቀላልና ለስሕተት የማይመች እንዲሆን ታስቦ ተነደፈ። በ1985 እና 1986 የታተሙት ሦስት መመሪያዎችም ስለ ፊልም አነሣስ፣ ስለ ጨለማ ክፍል ሥራና ጠቅላላ ሐኪም ፊልም ስለሚያነብበት መንገድ የሚያስተምሩ ነበሩ። የመሣሪያ ግዢ፣ የኃይል አቅርቦት፣ ጥገናና ሥልጠና ተለያይተው ሊታቀዱ እንደማይችሉ ሁለቱም ታሪኮች ይመሰክራሉ።

እንደ መለኪያ ያገለገለው እጅ

ሦስተኛው ምዕራፍ አሳዛኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ የራጅ ቱቦዎች ባሕርያቸው ከቀን ቀን ይለዋወጥ ስለነበር፣ ሠራተኛው ምርመራ ከመጀመሩ በፊት የጨረሩን ጥንካሬ መፈተን ነበረበት። ፈተናውም የገዛ እጁን በቱቦውና በሚያበራው ሰሌዳ መካከል ዘርግቶ የአጥንቶቹን ጥላ መመልከት ነበር። እንግዲህ ዛሬ የጥራት ቁጥጥር የምንለውን ተግባር ለብዙ ዓመታት ያከናወነው መሣሪያ የሠራተኛው እጅ ነው። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም፤ ቆዳው የሚቀላው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ፣ ካንሰሩ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የጨረራ መጠን መዝገብ ስላልነበረም ምክንያትና ውጤትን ማገናኘት አስቸጋሪ ነበር።

በአሜሪካ የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበሩት ክላረንስ ዳሊ ከዚህ በደረሰባቸው ጉዳት በ1904 ሕይወታቸው አለፈ፤ ኤዲሰንም በራጅ ላይ የሚያደርጉትን ምርምር አቆሙ። በእንግሊዝ የበርሚንግሃሙ ዶክተር ጆን ሆል-ኤድዋርድስ በየካቲት 1896 ለቀዶ ሕክምና መሪ የሚሆን ራጅ በማንሣት ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠሩ፣ በደቡብ አፍሪቃው የቦር ጦርነትም በራጅ ሐኪምነት ያገለገሉ ነበሩ። በ1908 ግራ ክንዳቸው ተቆረጠ፤ ከቀኝ እጃቸውም አውራ ጣት ብቻ ሲቀር አራቱን ጣቶች አጡ።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም ነበር። የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሮሊንስ በ1901 በጊኒ ፒግ እንስሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ ጨረሩ ሊገድል እንደሚችል አሳዩ። ቱቦው በእርሳስ ሽፋን ውስጥ እንዲዘጋ፣ ሠራተኛው መከላከያ መነጽር እንዲያደርግ፣ የማይመረመረው የበሽተኛው አካል እንዲሸፈን መከሩ። ምክራቸው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የማስፈጸም ሥልጣን ያለው አካል ስላልነበረ ለዓመታት የሰማው ጥቂት ነው። ሌላው የራጅ ቱቦ አምራች ሮም ቨርነን ዋግነር ደግሞ የፎቶግራፍ ሰሌዳ በኪሳቸው ይዘው እየዋሉ ማታ ማታ በማጠብ ለጨረር መጋለጥ አለመጋለጣቸውን እንደሚመረምሩ በ1907 ለሙያ ጓደኞቻቸው ገለጹ። ዛሬ በደረት ላይ የሚለጠፈው ዶዚሜትር ቅድመ አያት ይህ ነው። ዋግነር ግን በዓመቱ በካንሰር ሞቱ። ዘዴው መልካም ነበር፤ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ሠራተኛን ማፍራት

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ የፈረንሳይ ጦር በቂ የራጅ መሣሪያም ሠራተኛም አልነበረውም። ማዳም ማሪ ኩሪ የቀይ መስቀል የራጅ አገልግሎት ኃላፊነትን ተቀብለው ከበጎ አድራጊዎች መኪናና ገንዘብ አሰባሰቡ። በመኪናው ሞተር ከሚዞር ዲናሞ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ተንቀሳቃሽ የራጅ ክፍል አዘጋጁ፤ እሳቸውም መኪና መንዳትንና ቀላል ጥገናን ተማሩ። የ17 ዓመት ልጃቸውን ኢሬንን ይዘው ወደ ጦር ግንባር ወጡ። በጦርነቱ ዘመን 20 ያህል መኪናዎችና 200 ቋሚ የራጅ ክፍሎች በእሳቸው ጥረት ተደራጁ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደሮችም የምርመራው ተጠቃሚ እንደሆኑ ይገመታል።

ሥራው ሲሰፋ የታየው ዋና እጥረት የሰው ኃይል ነበር። ማዳም ኩሪ ከ1916 ጀምሮ በፓሪስ 150 ያህል ሴቶችን በራጅ ሠራተኛነት አሠለጠኑ። ትምህርቱ ኤሌክትሪክን፣ የጨረሩን ባሕርይ፣ የሰውነት አካል ጥናትንና የተግባር ልምምድን ያጣመረ ነበር። ሠራተኛዋ ቁልፍ መጫንን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ለምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚቆም እንድታውቅ ተፈለገ። የራጅ ቴክኖሎጂ ራሱን የቻለ ሙያ ለመሆኑ ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል።

ይሁንና ይህ ታላቅ አገልግሎት በመከላከያ ረገድ ደካማ ነበር። ማዳም ኩሪ በ1934 በአፕላስቲክ አኒሚያ ሞቱ። ታላቅ ሳይንቲስትነትም ሆነ ሁለት የኖቤል ሽልማት የተጻፈና የሚከበር ደንብን አይተካም።

ደንቡ ሲጻፍ

በመጋቢት 1921 የታወቁት የለንደን ራዲዮሎጂስት ዊልያም አይረንሳይድ ብሩስ በዚሁ የደም በሽታ በጎልማሳነታቸው ሞቱ። ጋዜጦች ጉዳዩን አነሡ፤ ሕዝቡም ራጅ መፍራት ጀመረ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ የራጅና ራዲየም መከላከያ ኮሚቴ ተቋቁሞ የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ።

የመመሪያው ይዘት ክፍል ለሚመራ ሰው ዛሬም ማራኪ ንባብ ነው። የእርሳስ መከላከያን ብቻ አላዘዘም፤ የሥራ ሰዓት በቀን ከሰባት እንዳይበልጥ፣ እሑድና በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀናት ዕረፍት እንዲሆኑ፣ በዓመት የአንድ ወር ፈቃድ እንዲሰጥ ደነገገ። የራጅ ክፍል ከምድር ወለል በታች እንዳይሠራ፣ አየርና ብርሃን በደንብ እንዲያገኝም አሳሰበ። ንጹሕ አየር የጨረራን ጉዳት እንደማይሽር ዛሬ እናውቃለን፤ የሚከላከሉን የተጋላጭነት ጊዜን ማሳጠር፣ ከምንጩ መራቅና መጋረድ ናቸው። ነገር ግን የሠራተኛው የተራ ፕሮግራም፣ ፈቃዱና የሚሠራበት ቤት የደኅንነት ጉዳይ መሆናቸው በጽሑፍ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1928 በስቶክሆልም የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የራዲዮሎጂ ጉባኤ ተመሳሳይ ደንብ ተቀብሎ ዛሬ ዓለም አቀፍ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን የሚባለውን አካል መሠረተ። በ1936 በሃምቡርግ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ግቢ በራጅና በራዲየም ሥራ ሕይወታቸውን ያጡ የ169 ሰዎች ስም የተቀረጸበት ሐውልት ቆመ፤ ስሞቹ በኋላ ጨመሩ። ኮሚሽኑ በ1977 ሦስቱን ምሰሶዎች አጸና፦ ምርመራው በቂ ምክንያት ያለው ይሁን፤ የጨረራው መጠን ለተፈለገው መልስ ከሚበቃው አይለፍ፤ የሠራተኛውና የሕዝቡ ተጋላጭነት በወሰን ይገደብ። በ1990 ባጸደቀው ምክረ ሐሳብ ደግሞ የሠራተኛው ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት፣ በማናቸውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 የማይበልጥ እንዲሆን ወሰነ።

መጠየቂያው ወረቀት

እስከ 1950ዎቹ ድረስ ጥንቃቄው በአመዛኙ ለሠራተኛው ነበር። የኦክስፎርዷ ዶክተር አሊስ ስቱዋርት በካንሰር የሞቱ ሕፃናት እናቶችን በመጠየቅ ያካሄዱት ጥናት በ1956 በአጭሩ፣ በ1958 ደግሞ በሙሉ ሲታተም፣ በእርግዝና ጊዜ ሆዳቸው በራጅ የተመረመረ እናቶች ልጆች በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ብዙ የሙያው ሰዎች ውጤቱን ለመቀበል አልፈለጉም። በ1962 በአሜሪካ ብራያን ማክማሆን በሌላ ዘዴ ባካሄዱት ጥናት ተመሳሳይ አቅጣጫ ሲያገኙ ግን ክርክሩ እየረገበ ሄደ። በ1958 ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቻቸው በዚያችው በግላስጎው ከተማ የአልትራሳውንድ ምርመራ ውጤታቸውን ማሳተማቸው ለነፍሰ ጡር እናት ሌላ መንገድ ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ የምርመራ መጠየቂያ ቅጹ ተራ ወረቀት መሆኑ ቀረ። ዕድሜ፣ የበሽታው ምልክት፣ ሐኪሙ ሊያውቅ የፈለገው ጥያቄ፣ የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ያልተሞላበት ቅጽ ማለት ምክንያት ያልቀረበበት ጨረራ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቅጽ መመለስ የራጅ ሠራተኛው ድፍረት ሳይሆን የክፍሉ ኃላፊ ሊደግፈው የሚገባ ሙያዊ ግዴታ ነው።

የእኛ ዘመን ጥያቄዎች

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 79 ወጥቶ ብሔራዊ ተቆጣጣሪ ተቋቋመ። ይህ አዋጅ በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 571፣ ቀጥሎም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1025 ተተካ። ዳሊና ሆል-ኤድዋርድስ ያላገኙት የሕግ ከለላ እንግዲህ በእጃችን አለ። ሆኖም ሕግ በሆስፒታሉ በር ገብቶ ሥራ ላይ የሚውለው ክፍሉን በሚመራው ሰው በኩል ነው።

ቴክኖሎጂውም አዲስ ፈተና አምጥቷል። በፊልም ዘመን ጨረራው ከበዛ ፊልሙ ይጠቁራል፤ ካነሰ ይነጣል። ስሕተቱ ለሁሉም ይታያል፤ የተበላሸውም ፊልም በቅርጫት ውስጥ ተከምሮ ይቆጠራል። ፊልሙ ራሱ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ተቆጣጣሪ ነበር ማለት ይቻላል። በዲጂታል መሣሪያ ግን ኮምፒዩተሩ ምስሉን ስለሚያስተካክለው መጠኑ የበዛ ጨረራ ያማረ ሥዕል ሆኖ ይወጣል። መጠኑ ሲያንስ ምስሉ ስለሚሻክር ሠራተኛው ሳያስበው መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ ወደ ማድረግ ያዘነብላል። ያልተሳካው ምስልም በአንድ ቁልፍ ተሰርዞ ዱካው ይጠፋል። ስለዚህ የዲጂታል ክፍል ኃላፊ በመሣሪያው ላይ የሚታየውን የጨረራ መጠን አመልካች ቁጥር በየጊዜው መመርመር፣ የተደገሙና የተሰረዙ ምስሎችም ከነምክንያታቸው እንዲመዘገቡ ማድረግ አለበት። ከፊልም ጋር የተሰናበትነውን ተቆጣጣሪ ራሳችን መተካት ግዴታችን ነው።

ማጠቃለያ

የራጅ ክፍልን የሚረከብ ሐኪም ራዲዮሎጂስት ባይሆንም እንኳ ከላይ ከተተረከው ታሪክ የሚወጡ ጥያቄዎችን በመጀመሪያው ሳምንት ማንሣት ይችላል። በክፍሉ ውስጥ የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚመራና በስም የሚጠየቅ ባለሙያ አለ ወይ? መብራት ሲቋረጥና ሲዋዥቅ መሣሪያውን የሚጠብቀው ምንድን ነው? የጥገና ውልስ አለው ወይ? እያንዳንዱ ሠራተኛ ዶዚሜትር አለው ወይ? ውጤቱስ ለሠራተኛው ይነገረዋል ወይስ በመሳቢያ ይቀራል? የእርሳስ ሽርጦቹ ተሰቅለው ይቀመጣሉ ወይስ ታጥፈው እየተሰነጣጠቁ ናቸው? ሠራተኛው ከተመረቀ ወዲህ ተጨማሪ ሥልጠና ያገኘው መቼ ነው? የመጠየቂያ ቅጹ ተሞልቶ ይመጣል ወይ? ካልተሞላስ የመመለስ ሥልጣን ያለው ማን ነው?

አብዛኞቹ ጥያቄዎች አዲስ በጀት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት መዝገብ፣ ክትትልና ከራጅ ሠራተኞች ጋር በየጊዜው ቁጭ ብሎ መነጋገርን ነው። በክፍሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እነሱ ናቸው፤ ጉድለቱንም ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከኃላፊው የሚጠበቀው የሚነግሩትን መስማትና የሰማውን ወደ ማኔጅመንቱ ጠረጴዛ ማድረስ ነው። በሃምቡርጉ ሐውልት ላይ ስማቸው የተቀረጸው ሰዎች በሕይወታቸው ያስተማሩትን ትምህርት እኛ በመዝገብና በጥንቃቄ ልንጠብቀው እንችላለን።